ማታ ተሸንፎ በማግስቱ የሚመለስ ሰው፦ ስለ ማሪያኖ ሪቬራ

እዚህ አሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆችና ልጆቻቸው ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልተገኙ ጓደኞቼ "ጻፈውና እናንብበው" ስላሉኝ ጥቂት ቦታ ብቻ አስተካክዬ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ቤዝቦል እንዳወራ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ልጆቹ ጨዋታውን ታውቁታላችሁ፣ ትምህርት ቤት ትጫወቱታላችሁ። እኛ ወላጆች ግን አብዛኞቻችን ሃያ ዓመት እዚህ ኖረንም ቴሌቪዥኑ ላይ ሲመጣ ጣቢያ እንቀይራለን። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያው ነበርኩ።

ያስቀየረኝ አንድ ሰው ነው። ብሮንክስ ውስጥ ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ እሠራ በነበረበት ጊዜ አብሮኝ የሚያመሽ አንድ የዶሚኒካን ሰው ነበር። ሬዲዮውን ከፍቶ የኒውዮርኩን ቡድን የያንኪስን ጨዋታ ያዳምጣል። እንግሊዝኛው ይፈጥንብኝ ስለነበር ግማሹ ያመልጠኛል፣ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲደርስ አንድ ስም ይጠራል፣ ሕዝቡ ይጮሃል፣ ሰውዬው ደግሞ መጥረጊያውን አንስቶ ዕቃውን መሰብሰብ ይጀምራል። ጨዋታው እኮ ገና አላለቀም! አንድ ቀን ለምን እንደሚሰበስብ ጠየቅኩት። "ማሪያኖ ገብቷል" አለኝ። በቃ፣ መልሱ ይኸው ነበር። ለእሱ ማሪያኖ ከገባ አልቋል።

ዛሬ ስለዚያ ሰው ነው የማወራው፣ ስለ ማሪያኖ ሪቬራ። ግን ብዙውን ጊዜዬን የምወስደው ስላሸነፈባቸው ሌሊቶች አይደለም። ያላለቀባቸው ሌሊቶች አሉ፣ ዕቃ ሰብስበው የተዘጋጁ ሰዎች መልሰው የተቀመጡባቸው። ይህን ሰው የወደድኩት በእነሱ ነው።

መጀመሪያ ሥራውን ላስረዳ፣ ልጆች ትንሽ ታገሡኝ።

ቤዝቦል የሚያልቅበት ሰዓት የለውም። እግር ኳስ ላይ ሁለት ለአንድ እየመራህ ደቂቃው ከተቃረበ ኳሷን ጥግ ላይ ይዘህ ታባክናለህ፣ ዳኛው ይነፋል፣ ትገላገላለህ። እዚህ እንደዚያ አይሠራም። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው፣ ኢኒንግ ይሉታል፣ በእያንዳንዱ ዙር ሁለቱም ቡድን በየተራው ሦስት ሰው እስኪወጣበት ድረስ ይመታል። ሦስተኛው ሰው ካልወጣ ሌሊቱም ቢነጋ ጨዋታው አያልቅም። ፒቸሩ ጉብታ ላይ ቆሞ ይወረውራል፣ መቺው ከ18 ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ዱላውን ይዞ ይጠብቀዋል። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትወረወር ኳስ ያን ርቀት ለመጨረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም።

ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር መቶ ገደማ ኳስ ከወረወረ በኋላ ክንዱ ይዝላል። ያኔ ሌላ ሰው ይተካዋል፣ እሱ ነው ሪሊፍ ፒቸር የሚባለው። እኔ "ተረካቢ" ብለው ደስ ይለኛል። ፈረቃ የሠራ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከአንተ በፊት የነበረው ሰው ሥራውን ጥሎልህ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ንጹህ አድርጎ፣ ብዙ ጊዜ ግን ተበላሽቶ፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በአንተ ስም ይጻፋል።

ተረካቢዎቹ ከሜዳው ዳር ቡልፐን በሚባል ቦታ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ግድግዳው ላይ ስልክ አለ። ስልኩ ይጮሃል፣ ስሙ የተጠራው ይነሳና ክንዱን ያሟሙቃል። አንዳንድ ቀን ተሟሙቆ ሳይገባ ጨዋታው ያልቃል፣ በማግስቱ ደግሞ እንደገና ይነሳል። ከእነሱ ሁሉ መጨረሻ የሚገባው፣ ቡድኑ በጠባብ ልዩነት እየመራ ሳለ ዘጠነኛው ዙር ላይ በሩን እንዲዘጋ የሚላከው፣ ክሎዘር ይባላል። ዘጊው እንበለው።

ዘጊው ሥራውን ሲጨርስ ሴቭ ይመዘገብለታል፣ ማዳን እንደማለት ነው። ሐሳቡን ያመጣው ጄሮም ሆልትዝማን የሚባል የቺካጎ ጋዜጠኛ ነው፣ በሜጀር ሊግ፣ በከፍተኛው ሊግ ማለት ነው፣ በይፋ መቆጠር የጀመረው ደግሞ በ1969 ነው። ያው ማሪያኖ ሪቬራ የተወለደበት ዓመት። እውነቱን ለመናገር ደንቡ ራሱ ብዙም አይጥመኝም። ቡድኑ በሦስት ነጥብ እየመራ ገብቶ አንድ ሙሉ ዙር የዘጋውም፣ በአንዲት ነጥብ እየመራ ሦስት ሰው ቤዝ ላይ፣ መቺዎች ሮጠው በሚይዟቸው ማረፊያዎች ላይ፣ ቆሞበት የገባውም እኩል አንድ ሴቭ ይቆጠርላቸዋል። ስለዚህ የሴቭ ቁጥር ብቻ አይታችሁ ማን ጎበዝ እንደሆነ አትፍረዱ። ሪቬራ በዚያ ቁጥርም አንደኛ ነው፣ 652። ግን ትልቅ ሰው ያደረገው እሱ ነው ብዬ አላምንም።

ያደገው ፓናማ ውስጥ ፖርቶ ካይሚቶ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አባቱ የዓሣ ጀልባ ካፒቴን ነበር። ልጆቹ ባሕሩ ሲሸሽ በሚገለጠው አሸዋ ላይ ይጫወታሉ። ጓንት የለም፣ የወተት ካርቶን አጥፈው እጃቸው ላይ ያጠልቃሉ። ዱላው የዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ኳሷ ያረጀ የዓሣ መረብ ተጠቅልሎ በኤሌክትሪክ ናስትሮ የታሰረባት ናት። እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ የእኛ ሰፈር የካልሲ ኳስ ትዝ ትለኛለች፣ ጨርቅ ጠቅጥቀንባት፣ ቋጥረን፣ ጠዋት ማታ የምንለጋት። እሷን የተጫወተ ሰው ይህን ልጅ አይቶት ባያውቅም ያውቀዋል።

ትምህርቱን በ16 ዓመቱ አቆመና ከአባቱ ጋር ባሕር ላይ ሥራ ጀመረ፣ ሰርዲን ማጥመድ። ሥራው ከባድ ነው፣ ቀኑን ሙሉ፣ በሳምንት ስድስት ቀን። በ19 ዓመቱ የነበረበት ትልቅ ጀልባ ሲገለበጥ ጥለው ወጥተው ተረፉ። ከዚያ በኋላ ባሕር የእሱ ቦታ እንዳልሆነ ወሰነ።

በዚያን ጊዜ ፒቸር እንኳ አልነበረም። ለአካባቢው ቡድን ለፓናማ ኦስቴ ሾርትስቶፕ ነበር የሚጫወተው፣ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቤዝ መሀል የሚቆመው ማለት ነው። በ1989 በአንድ ጨዋታ የቡድኑ ወርዋሪ ክፉኛ ሲመታ እሱ በፈቃዱ ገባና ወረወረ። ያ ሁሉ ሥራ እንግዲህ የተጀመረው እንዲህ ነው፣ ሌላ ሰው ያበላሸውን ለማስተካከል በመግባት። ጓደኞቹ ለያንኪስ መልማይ ነገሩለትና በየካቲት 1990 ከ3,000 ዶላር ባልበለጠ ገንዘብ አስፈረሙት። 20 ዓመቱ ነበር። ከአገሩ ወጥቶ አያውቅም። እንግሊዝኛ አይችልም። ቤተሰቦቹ ቤት ስልክ ስላልነበረ ደብዳቤ ነበር የሚጽፍላቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህ የእኛም ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ፍሎሪዳ ነበር፣ ስፓኒሽ የሚናገሩ ልጆች ብዙ ነበሩ፣ አልከበደውም። በ1991 ግን ኖርዝ ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ላኩት። እዚያ በቋንቋው የሚያናግረው አጣ። ያኔ ማታ ማታ እያለቀሰ ይተኛ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ያስለቀሰው ጨዋታው አልነበረም፣ በደንብ እየወረወረ ነበር። ያስለቀሰው ከአሠልጣኙና ከቡድን ጓደኞቹ ጋር መግባባት አለመቻሉ ነው። ከዚያ አስተምሩኝ አላቸው፣ አስተማሩት። ስንቶቻችን ነን መጀመሪያ በመጣንበት ዓመት፣ ሥራው ሳይከብደን፣ የምንለውን የሚሰማን ሰው አጥተን ትራስ ያረጠብነው? ልጆች፣ ወላጆቻችሁን ዛሬ ማታ ጠይቋቸው።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። በ1992 ክርኑ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለት አዳዲስ ቡድኖች፣ ኮሎራዶና ፍሎሪዳ፣ ሊጉን ሲቀላቀሉ ከሌሎቹ ቡድኖች ተጫዋቾች እንዲመርጡ ተፈቅዶላቸው ነበር። ያንኪስ ሪቬራን እንዳይወሰድ ከሚከላከሉላቸው ስሞች መሀል አላስገቡትም። ማንም አልወሰደውም። ያኔ ማንም አልፈለገውም እንበለው።

ሜጀር ሊግ የገባው በግንቦት 1995 ነው፣ ካሊፎርኒያ ኤንጅልስ ላይ፣ ጨዋታ ጀማሪ ሆኖ። አምስት ነጥብ አስቆጠሩበት፣ ቡድኑ 10 ለ 0 ተሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ታችኛው ሊግ መለሱት። ያንኪስ ከዲትሮይት ጋር ሊለውጡት ሁሉ ይነጋገሩ ነበር። ከዚያ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ትከሻውን አሞት ሁለት ሳምንት ያህል ካረፈ በኋላ ተመልሶ ሲወረውር ኳሷ ድሮ ከምትሄድበት በጣም ፈጥና መጣች፣ በሰዓት 95 ማይል። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ጂን ማይክል የመለኪያው መሣሪያ ተሳስቶ እንደሆነ አጣርቶ እውነት መሆኑን ሲያውቅ የለውጡን ንግግር አቆመ። ተመልሶ ሲመጣ ሐምሌ 4 ቀን ቺካጎ ላይ ስምንት ኢኒንግ ወርውሮ ምንም ነጥብ አልተቆጠረበትም፣ 11 ሰው ዱላውን በከንቱ አወዛውዞ ተመለሰ።

በ1996 ከዘጊው ከጆን ዌተላንድ በፊት የሚገባ ተረካቢ አደረጉት፣ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ዙር። ባላጋራ ቡድን በስድስት ኢኒንግ ካልቀደመ ቀኑ መሸበት ማለት ነበር። 130 ሰው በስትራይክ፣ ኳሷን ሳይመቷት ማለት ነው፣ አውጥቶ ያንኪስ ዋንጫውን አነሱ። ዌተላንድ ወደ ቴክሳስ ሄደ፣ በሩ ለሪቬራ ተሰጠው።

ታዲያ ዘጊ ሆኖ ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ዕድሎች ሦስቱን አበላሸ። ከስድስት ሦስት! ኒውዮርክ ማለት ደግሞ ጋዜጣው ጠዋት በስምህ የሚከፈትበት ከተማ ነው። አሠልጣኙ ጆ ቶሬ ወደ ቢሮ ጠርቶ ዘጊው እሱ እንደሆነና እንደማይቀየር ነገረው። ወላጆች ይህችን ያዙልኝ፣ ወደኋላ እመለስባታለሁ።

በዚያው በ1997 ክረምት ዲትሮይት ሜዳ ላይ ከቡድን ጓደኛው ከራሚሮ ሜንዶዛ ጋር እንዲሁ ኳስ እየተቀባበሉ ሳለ ሜንዶዛ ተቆጣ፤ ኳሷ እጁ ጋ ስትደርስ ድንገት ታጥፋ እየሸወደችው ነው። ሪቬራ ራሱ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ከወርዋሪዎቹ አሠልጣኝ ከሜል ስቶትልማየር ጋር ሆነው ቀጥ ሊያደርጓት ሳምንታት ለፉ። አልቀና አለች። በመጨረሻ ተዉት፣ ይዟት ቀጠለ። የእግዚአብሔር ስጦታ ናት ይላል፣ ሁልጊዜም የሚላት እንዲያ ነው።

ያቺ ኳስ ከተር ትባላለች። ከእጅ ስትወጣ ቀጥ ያለች ፈጣን ኳስ ትመስላለች። መቺው ዱላውን ማወዛወዝ ከጀመረ በኋላ፣ መጨረሻዋ ላይ፣ ጥቂት ኢንች ወደ ጎን ትሸሻለች። በግራ ለሚመታ ሰው ወደ እጁ ትገባበታለች፣ ስለዚህ የሚመታት በዱላው ወፍራም ክፍል ሳይሆን በቀጭኑ አንገት ነው፣ ዱላው ይሰበራል። በ1999 ወርልድ ሲሪስ፣ በዓመቱ የመጨረሻ የዋንጫ ፍልሚያ፣ ራያን ክሌስኮ የሚባል የአትላንታ መቺ አንድ ጊዜ ለመምታት ቆሞ ሦስት ዱላ ሰበረ። በሁለቱም እጅ መምታት የሚችሉ ሰዎች፣ በቀኙ ለሚወረውር ሰው ልማዱ በግራ ቁሙ የሚላቸው፣ እሱ ላይ ሲደርሱ በቀኝ ይቆሙ ነበር። ሊሰናበት ሲል ሚኒሶታ የሰጠው ስጦታ ከተሰበሩ ዱላዎች የተሠራ ተወዛዋዥ ወንበር ነው።

አስቡት እስቲ። መቺው ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ሁሉም ያውቃል፣ ሕዝቡ ያውቃል፣ መኪና ማቆሚያ ያለው ዶሚኒካኑ ያውቃል። የሚወረውረው ከሞላ ጎደል አንዲት ኳስ ነው። እያወቁ ግን አይችሏትም። ከ16 ዓመት በላይ። ሌሎች ወርዋሪዎች ሦስትና አራት ዓይነት ኳስ ይዘው ይመጣሉ፣ ያታልላሉ፣ ይደብቃሉ። እሱ አንዷን ይዞ መቺው ፊት መሬት ላይ ያለውን የነጭ ሰሌዳ ጠርዝ ይፈልጋል፣ አንዴ እዚህ ጥግ፣ አንዴ እዚያ ጥግ። እኔ ይህን ጥበብ ከጉልበት በላይ አከብረዋለሁ።

አሁን ወደ ሌሊቶቹ።

የመጀመሪያው በጥቅምት 1997 ክሊቭላንድ ላይ ነው። ያንኪስ 2 ለ 1 እየመሩ ነው፣ አራት ሰው ቢያወጡ ወደ ዋንጫው ቀጣይ ደረጃ ያልፋሉ። ሪቬራ ጉብታው ላይ ነው። ሳንዲ አሎማር ጁኒየር መታና ኳሷን ከቀኙ አጥር በላይ አሻገራት፣ እኩል ሆኑ። ያን ሌሊት ተሸነፉ፣ በማግስቱም ተሸነፉ፣ ዓመቱ አለቀ። ዘጊ በሆነ በመጀመሪያው ዓመት። እንዲህ ያለች አንዲት ኳስ ያበላሸቻቸው ተረካቢዎች አሉ፣ ሕዝቡም እነሱም ሳይረሷት የሥራ ዘመናቸው በእሷ የተቀጨ። ሪቬራስ? በ1998፣ በ1999፣ በ2000 ሦስቱንም ወርልድ ሲሪስ የዘጋው እሱ ነው፣ በ1999 ደግሞ የዋንጫው ኮከብ ተባለ።

ሁለተኛው ከሁሉም የከበደው ነው። ኅዳር 4 ቀን 2001፣ አሪዞና። ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም፣ ኒውዮርክ ሐዘን ላይ ናት፣ ያ ቡድን ደግሞ ለከተማው ከኳስ ቡድን በላይ ሆኗል። የወርልድ ሲሪስ ሰባተኛው ጨዋታ ነው፣ ከዚህ በኋላ ሌላ የለም። ያንኪስ 2 ለ 1 እየመሩ ሪቬራ ስምንተኛው ላይ ገባ፣ ሦስት ሰው በስትራይክ አወጣ። ዘጠነኛው ላይ የመጀመሪያው ሰው መታና ቤዝ ያዘ። ቀጥሎ የመጣው ዴሚያን ሚለር ኳሷን እፊቱ ነካ አድርጎ ጣላት። ሪቬራ ራሱ ሮጦ አነሳና ወደ ሁለተኛው ቤዝ ወረወራት፣ ሳተች። የሜዳው ምርጥ ወርዋሪ ነው የሳታት፣ አየር ላይ አልፋ ሄደች! ቶኒ ዎማክ መታ፣ እኩል ሆኑ። መጨረሻ ላይ ሉዊስ ጎንዛሌዝ መጣ። ከተሩ እጁ ላይ ገብታበታለች፣ በቀጭኑ ነው የመታት፣ ምቷ ደካማ ናት፣ ግን ተጫዋቾቹ ወደፊት ቀርበው ስለነበር ከደሬክ ጂተር ራስ በላይ አልፋ ሣሩ ላይ ወደቀች። አለቀ።

ያን ሌሊት ሥራ ላይ ነበርኩ። ዶሚኒካኑ ዕቃውን ሰብስቦ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ነበር። ሬዲዮውን አጠፋና መልሶ ተቀመጠ፣ ለረጅም ጊዜም አልተነሳም።

ከዚያ የሚከተለው ነገር አለ። በቡድኑ ውስጥ ኤንሪኬ ዊልሰን የሚባል የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተጫዋች ነበር። ቢያሸንፉ ከተማው ውስጥ የድል ሰልፍ ስለሚኖር ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ ሊሄድ ለኅዳር 12 ትኬት ቆርጦ ነበር። ስለተሸነፉ ሰልፍ የለም፣ ቀድሞ ሄደ። ያቺ የኅዳር 12 በረራ፣ የአሜሪካን ኤርላይንስ 587፣ ኩዊንስ ላይ ወድቃ 265 ሰው አለቀ። ሪቬራ በኋላ ሲጠየቅ መሸነፋቸው እንዳስደሰተው ተናገረ፣ ምክንያቱም ጓደኛው በሕይወት አለ። ይህን የሚለው በዓለም ፊት ያቺን ኳስ የሳታት ሰው ነው። ይህን ታሪክ ስናገር ድምፄ ይለወጣል፣ ይቅርታ።

ሦስተኛው በ2004 ቦስተን ነው፣ ልጆች ይህን ታውቁት ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን በ2003 በዚያው በቦስተን ላይ ሰባተኛው ጨዋታ ሦስት ሙሉ ኢኒንግ ወርውሮ ነበር፣ ዘጠነኛውን፣ አሥረኛውን፣ አሥራ አንደኛውን፣ አንድ ነጥብ ሳይቆጠርበት። አሮን ቡን ኳሷን ከአጥር አሻግሮ ያንኪስ ሲያሸንፉ ሁሉም ወደ ቡን ሲሮጡ ሪቬራ ወደ ጉብታው ሮጠና መሬቱ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ለዘጊ ሦስት ኢኒንግ ማለት ሦስት ፈረቃ ደርቦ እንደመሥራት ነው። በዓመቱ በ2004 ያንኪስ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 0 እየመሩ አራተኛው ጨዋታ ዘጠነኛው ዙር ላይ ደረሱ፣ በአንድ ነጥብ ይመራሉ፣ ሪቬራ ገብቷል። ኬቪን ሚላርን በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ አሳለፈው። ዴቭ ሮበርትስ በሱ ቦታ ገብቶ ሁለተኛውን ቤዝ ሰረቀ፣ ኳሷ ሳትመታ ሮጦ ያዘው ማለት ነው፣ ሁሉም ሊሰርቅ እንደሆነ እያወቀ ሰረቀ። ቢል ሚዩለር መታ፣ እኩል ሆኑ። ቦስተን ያን ሌሊት አሸነፉ፣ አራቱንም በተከታታይ አሸነፉ፣ ከ86 ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሱ።

በሚቀጥለው ዓመት የቦስተን ሜዳ ሲከፈት ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ሲጠሩ ሕዝቡ ለሪቬራ ቆሞ አጨበጨበ፣ ስላበላሸልን እናመሰግናለን ለማለት። ኮፍያውን አንስቶ ሳቀላቸው። ስንቱ ሰው አንገቱን ይደፋ ነበር? እኔ በእሱ ቦታ ብሆን የምችለው አይመስለኝም።

የሚያሳስበኝ ነገር እዚህ ላይ ነው፣ ለዚህም ነው ይህን ንግግር ስትጠሩኝ እሺ ያልኩት። ልጆቻችን ቤት ውስጥ የሚሰሙት ያሸነፈውን ነው። እነ እገሌ ዶክተር ሆኑ፣ የእነ እገሌ ልጅ ገባች። ያልተሳካለት ልጅ ክፍሉን ይዘጋል፣ እኛም አናንኳኳም። አሁን ጆ ቶሬን አስታውሱት። ሦስት ያበላሸውን ልጅ ጠርቶ ቦታህ ያው ነው አለው። አልጮኸበትም፣ ከሌላ ጋር አላወዳደረውም። ሪቬራ በማግስቱ መጥቶ ቡልፐን ውስጥ ተቀመጠ፣ ስልኩ ጮኸ፣ ተነሳ። የተረካቢ ሥራ የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪ ቢበላሽበት አምስት ቀን አለው፣ ያስባል፣ ያርፋል። ተረካቢ ግን ነገ ሊጠራ ይችላል። ትናንት የተሸነፈበትን ኳስ እጁ ላይ ይዞ ከገባ ያችኑ ይወረውራታል።

በፕሌይኦፍ፣ ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚደረጉት የዋንጫ ጨዋታዎች፣ 96 ጊዜ ገብቶ 141 ኢኒንግ ወረወረ፣ በዚያ ሁሉ በሒሳቡ የተመዘገበበት ነጥብ 11 ብቻ ነው። ጨረቃን የረገጡት ሰዎች እንኳ 12 ናቸው። እነዚያ ሦስት የነገርኳችሁ ሌሊቶችም ከ141ዱ ውስጥ ናቸው፣ ሳይደበቁ ተቆጥረው።

በግንቦት 2012 ካንሳስ ሲቲ ላይ ከጨዋታ በፊት በልምምድ ሰዓት እንደ ልማዱ የምትመጣ ኳስ ሲያሯሩጥ ጉልበቱ ተበጠሰ። 42 ዓመቱ ነበር። በቃ፣ አበቃ ተባለ። እሱ በማግስቱ እንደሚመለስና እንዲህ እንደማይሰናበት ተናገረ። በ2013 ተመልሶ 44 ጨዋታ ዘጋ። በየከተማው ሲሄድ ደግሞ ትኬት ቆራጮችን፣ ጽዳት ሠራተኞችን፣ ወጥ ቤት ያሉትን፣ ማንም ስማቸውን የማይጠራ ሰዎችን ቁጭ አድርጎ አነጋገራቸው፣ አመሰገናቸው። እንደ መኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ይህች ልቤን ነካችኝ።

በሐምሌ በተደረገው የኮከቦች ጨዋታ ስምንተኛው ዙር ላይ ሲገባ የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች ሆን ብለው ከመቀመጫቸው ሳይወጡ ቀሩ። ሜዳው ባዶ ሆነ። ብቻውን ጉብታው ላይ ቆሞ፣ ሁሉም ሰው ያጨበጭባል። ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር 42 ነው፣ በ1947 የጥቁሮችን በር የከፈተው የጃኪ ሮቢንሰን ቁጥር። ሊጉ በ1997 ያንን ቁጥር ለሁሉም ቡድን ሲያሳርፈው ቀድመው ለብሰውት የነበሩት ብቻ እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው፣ የመጨረሻው እሱ ነበር።

በ2019 የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ሲገባ ድምፅ የሰጡት 425 ጋዜጠኞች በሙሉ ስሙን ጻፉ። በድምፁ ታሪክ ከእሱ በፊት ሙሉ ድምፅ ያገኘ ማንም የለም። ያን ቀን አብረው ከገቡት አንዱ ሮይ ሃላዴይ ነበር፣ በ2017 በአውሮፕላን አደጋ የሞተው። በ2008 የኮከቦች ጨዋታ ላይ ሃላዴይ ከተሩን እንዴት እንደሚይዛት ጠይቆት አሳየው፣ ያውም ለሌላ ቡድን የሚጫወት ወርዋሪ። የራሱ ጓደኞች በኋላ አወቁና ቀጡት። ሃላዴይ የጣቶቹን ቦታ ኳስ ላይ በብዕር አስምሮ ያስቀመጠው ነበር። ስጦታ ናት ካለ በኋላ ለመስጠት አልሰሰተም።

በመስከረም 26 ቀን 2013 ያንኪ ስታዲየም ለመጨረሻ ጊዜ ወረወረ። የሚዘጋ ነገር አልነበረም፣ ያንኪስ በታምፓ ቤይ እየተመሩ ነበር፣ 4 ለ 0 ተሸነፉም። ስምንተኛው ላይ ሌላ ሰው የተወውን ተረክቦ ሁለት ሰው አወጣ። ዘጠነኛው ላይ ሁለት አወጣ። ከዚያ አሠልጣኙ ሊወስደው መምጣት ሲገባው ደሬክ ጂተርና አንዲ ፔቲት፣ ከታችኛው ሊግ ጀምሮ አብረውት ያደጉት ሁለቱ፣ ከመቀመጫቸው ተነስተው እየሳቁ ወደ ጉብታው መጡ። ኳሷን ሰጣቸው። የፔቲት ትከሻ ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ለረጅም ጊዜም አልለቀቀውም።

ጨዋታው አልቆ ሁሉም ሲገባ ብቻውን ወጣና ወደ ጉብታው ተራመደ። ትንሽ ቆመ። ጎንበስ አለና ከመሬቱ አንድ እፍኝ አፈር ዘግኖ ይዞ ገባ።